ከደብተሩ ወደ ጫካው፦ የወረቀታችንን እንጨት ስንከታተል የያዝኩት ማስታወሻ

መነሻው

ሥራችን ደብተር ነው። ወረቀት በጥቅል እንገዛለን፣ እናሰምራለን፣ እንቆርጣለን፣ እንሰፋለን፣ ካርቶን ውስጥ አሽገን እንልካለን። በቅርቡ አንድ ትልቅ ደንበኛ ሁለት ነገር ጠየቀን። ወረቀቱ ከየት ደን እንደመጣ እንድንነግረው፣ እና የዛፍ ምልክት ያለባትን ማኅተም ደብተሩ ጀርባ ላይ እንድናትምለት። ሁለተኛው ጥያቄ ቶሎ ተዘጋ። የኤፍኤስሲን (በኃላፊነት ለሚያዝ ደን የወጣ ዓለም አቀፍ የሰርተፍኬት ሥርዓት ነው) ማኅተም ምርት ላይ ማተም የሚችለው ራሱ ሰርተፍኬት ያለው አምራች ነው። የገዛነው ወረቀት ሰርተፍኬት ስላለው ብቻ፣ እኛ ቆርጠንና ሰፍተን ማኅተሙን መለጠፍ አንችልም። እኛ ደግሞ ለጊዜው ሰርተፍኬቱ የለንም።

የመጀመሪያው ጥያቄ ግን እጃችን ላይ ቀረ። እኛን ስትጠይቁን «ከሻጩ» እንላለን። ሻጩ «ከፋብሪካው» ይላል። ፋብሪካው ደግሞ «ኃላፊነት ከሚሰማቸው ምንጮች» ይላል። ሥራውን ያስጀመረችኝ ይህች የመጨረሻዋ ሐረግ ናት። ካርታ ላይ ፈልጋችሁ አታገኟትም። ስለዚህ በብዛት የምንሸጠውን አንድ ደብተር መርጠን፣ ውስጡ ያለው እንጨት የበቀለበትን ቦታ እስክናውቅ ለመከታተል ወሰንን። እየሠራሁ ስለምጽፍ አንዳንዱ ቦታ ዝርክርክ ይላል፣ ታገሡኝ።

ሰኞ፣ ደብተሩን መበተን

መጀመሪያ ደብተሩን ገነጣጥለን ሚዛን ላይ አስቀመጥነው። የውስጥ ወረቀቱ 180 ግራም ገደማ መዘነ፣ ሽፋኑ 16፣ ከካርቶኑ ለአንድ ደብተር የሚደርሰው ድርሻ ደግሞ 12 ግራም አካባቢ። ይህ ቀላል ሥራ ነው፤ ግን ጉልበታችንን የት ማፍሰስ እንዳለብን ወዲያው ያሳያል። የእንጨቱ ነገር የሚወሰነው በውስጥ ወረቀቱ ነው። ስለ ካርቶኑ ብቻ እያወሩ «አረንጓዴ ነን» የሚሉ ድርጅቶች ሲያጋጥሙኝ ይህችን ሚዛን ባሳያቸው ደስ ይለኛል።

ከዚያ ወረቀት ማለት እንጨት ብቻ እንዳልሆነ ማስላት አለብን። የመጻፊያ ወረቀት ውስጥ ነጭ ዱቄት አለ፣ ካልሲየም ካርቦኔት። ወረቀቱ ነጭ እንዲሆንና ከጀርባው ያለው ጽሑፍ እንዳይታይ ይረዳል። ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ገደማ ሊይዝ ይችላል። ጥቂት እርጥበትም አለ። የአመድ ምርመራ አሠራን። ናሙናው 525 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይቃጠላል፣ የእንጨቱ ቃጫ ይጠፋል፣ ዱቄቱ ይቀራል። ሙቀቱን 900 ካደረሳችሁት ካርቦኔቱም ራሱ ስለሚፈርስ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ይወጣል። ስለዚህ ውጤት ሲመጣላችሁ በስንት ዲግሪ እንደተቃጠለ ጠይቁ። የኛ 180 ግራም ወረቀት ውስጥ ያለው ደረቅ ቃጫ 135 ግራም አካባቢ ነው ብለን ያዝን።

እንጨቱስ? በኬሚካል የሚቀቀል ፐልፕ፣ ማለት ወረቀት የሚሠራበት የእንጨት ቃጫ፣ ከእንጨቱ ክብደት ግማሽ ያህሉን ብቻ ነው የሚያወጣው። ቀሪው ሊግኒን (ቃጫዎቹን የሚያጣብቀው ነገር) እና ሌላ ነገር ሆኖ ከመቀቀያው ከሚወጣው ጥቁር ፈሳሽ ጋር ይሄዳል፤ ፋብሪካው ያንን አቃጥሎ ለራሱ እንፋሎትና መብራት ያደርገዋል። በመፍጨት የሚሠራው ፐልፕ ደግሞ ከዘጠና በመቶ በላይ ያወጣል፤ ግን ሊግኒኑ ውስጡ ስለሚቀር ወረቀቱ ፀሐይ ላይ ይቢጫል። ስለዚህ አንዷ ደብተራችን 270 ወይም 280 ግራም ደረቅ እንጨት ይዛለች ማለት ነው። ብዙ አይመስልም። ግን የምናዝዘው በቶን ነው።

ማክሰኞ፣ ደብዳቤ

ለሁሉም ሻጮች አንድ ዓይነት ደብዳቤ ላክን። የጠየቅነው ይህን ነው፦ የዛፉ ዓይነት፣ የተቆረጠበት አገርና አካባቢ፣ የተተከለ ነው ወይስ የተፈጥሮ ደን፣ ፐልፑን የሠራው ፋብሪካ፣ ሰርተፍኬት ካለ ቁጥሩ፣ የተመለሰ ወረቀት፣ ማለት ተሰብስቦ እንደገና የተሠራ፣ ካለበት ምን ዓይነት እንደሆነ። «ወረቀታችሁ ዘላቂ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም። ማንም «አይ፣ አይደለም» አይልም።

ሐሙስ

መልስ መጣ። ከአንዱ በስተቀር ሁሉም የሰርተፍኬት ፒዲኤፍ ነው የላኩት፣ ሌላ ቃል የለም። እሺ፣ ፒዲኤፉን እንዴት እንደምናነበው ልጻፍ፤ ለሌላ ሰውም ይጠቅም ይሆናል።

መጀመሪያ ስሙ። ሰርተፍኬቱ ላይ ያለው ድርጅትና ኢንቮይስ የሚቆርጥልን ድርጅት አንድ ናቸው? አንዱ የላከልን የፋብሪካውን ሰርተፍኬት ነው፤ የሚሸጥልን ግን ሌላ ነጋዴ ነው፤ ነጋዴው ጥቅሉን ፈትቶ፣ ቆርጦና እንደገና አሽጎ ይሸጣል። እንዲህ የሚያደርግ ሰው የራሱ ሰርተፍኬት ሊኖረው ይገባል፣ አለዚያ ሰንሰለቱ እሱ ጋ ሲደርስ ይበጠሳል። ቀጥሎ ዝርዝሩ። ሰርተፍኬት ያለው ድርጅት የሚሸጠው ሁሉ ሰርተፍኬት አለው ማለት አይደለም፤ ምን ዓይነት ምርት እንደተካተተ ተጽፏል። ከዚያ ጊዜው። ለ5 ዓመት ይሰጣል፣ በየዓመቱ ኦዲት ይደረጋል፣ መሃል ላይ ሊታገድ ይችላል፤ ፒዲኤፉ ግን መታገዱን አይነግራችሁም። ስለዚህ ቁጥሩን ኤፍኤስሲ ለሕዝብ ክፍት ባደረገው የሰርተፍኬት መፈለጊያ ላይ አስገብቶ ማየት ነው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ከሁሉም ዋናው ግን ኢንቮይሱ ነው። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። ካርቶን ላይ የታተመ ማኅተም ለቀጣዩ ገዢ ምንም አያስተላልፍም። መብቱ የሚተላለፈው ሽያጭ ሰነዱ ላይ፣ ከዕቃው መስመር ጎን፣ የይዞታው ዓይነት (መቶ በመቶ፣ ድብልቅ ወይም የተመለሰ የሚለው) እና የሻጩ ሰርተፍኬት ቁጥር ሲጻፍ ነው። የኛን አሮጌ ኢንቮይሶች ከፋይል አወጣናቸው። «ነጭ ወረቀት 60 ግራም፣ በጥቅል»። አለቀ። ስለ እንጨቱ አንዲት ቃል የለችም።

ለአንዱ ሻጭ ደወልኩ። ጨዋ ሰውዬ ናቸው፣ ግን ጥያቄው ሰልችቷቸዋል። «እርስዎ ደግሞ አበዙት፤ ማኅተሙ ጥቅሉ ላይ አለልዎት አይደል?» አሉኝ። አለ አልኳቸው፣ ኢንቮይሱ ላይ ግን የለም። ዝም አሉ። «እሱን ካስጻፍን እኮ በሌላ ዋጋ ነው የሚመጣው» አሉ ቀስ ብለው። ገባኝ። ጥቅሉ ላይ ማኅተም አለ፣ ይዞታው ግን አልተሸጠልንም፤ ፋብሪካው ያንን ይዞታ ለሌላ ገዢ ሰጥቶት ሊሆን ይችላል። ይህ ማጭበርበር ላይሆን ይችላል፤ ግን ለደንበኛችን «ሰርተፍኬት ያለው ነው» ብለን ብንጽፍ ውሸታም የምንሆነው እኛ ነን።

ስለ ማኅተሞቹ አጭር ማብራሪያ

ባልደረቦቼ እየጠየቁኝ ስለሆነ እዚህ ልጻፈው። ኤፍኤስሲ በ1993 እንደ ፈረንጆቹ ቶሮንቶ ላይ ተመሠረተ፤ የአካባቢ ተቆርቋሪዎች፣ የእንጨት ነጋዴዎችና የማኅበረሰብ ወኪሎች ተሰባስበው። ሌላው የደን ሰርተፍኬት ሥርዓት፣ ፒኢኤፍሲ፣ በ1999 መጣ፤ እሱ በየአገሩ ያሉ ሥርዓቶችን መርምሮ ዕውቅና ይሰጣል፣ በተለይ ትንንሽ የደን ባለቤቶች በብዛት ባሉባቸው አገሮች ተስፋፍቷል። ማን ይሻላል የሚለው ክርክር ማለቂያ የለውም። እኔ የምቀበለው ሁለቱንም ነው፣ ግን ሁለቱንም እጠይቃለሁ።

የኤፍኤስሲ ማኅተም ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው መቶ በመቶ፦ ቃጫው ሁሉ ሰርተፍኬት ካለው ደን። ሁለተኛው የተመለሰ፦ ቃጫው ሁሉ ከተሰበሰበ ወረቀት። ሦስተኛው ድብልቅ ነው፣ ወረቀት ላይ በብዛት የምታዩትም እሱን ነው። እዚህ ጋ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ድብልቅ በመቶኛ ሲሰላ ማኅተም ለማግኘት ቢያንስ 70 በመቶው ሰርተፍኬት ካለው ደን ወይም ከተመለሰ ወረቀት መሆን አለበት። በክሬዲት ሲሰላ ደግሞ ፋብሪካው ሰርተፍኬት ያለው እንጨት ያስገባውን ያህል ሂሳቡ ላይ ይመዘገብለታል፣ ከዚያ ያንን ያህል ምርት «ድብልቅ ክሬዲት» ብሎ ይሸጣል። የታንኩ ውስጥ ቃጫ አንድ ላይ ነው፤ እኔ እጅ የገባው ሉህ ውስጥ ያለው ቃጫ ከሌላው ደን የመጣ ሊሆን ይችላል። ባንክ ያስገባሁት ብርና ያወጣሁት ብር አንድ ዓይነት ኖት እንደማይሆን ሁሉ ማለት ነው።

ይህ ክፉ ነው? አይደለም፤ ያለዚህ ዘዴ ትልቅ ፋብሪካ ሰርተፍኬት ያለውን እንጨት ለይቶ ለብቻው ማብሰል አይችልም፣ ወይም አይፈልግም። ግን «ሌላው» ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ይቀራል። ለሌላው የወጣለት ዝቅተኛ ወሰን አለ፣ ቁጥጥር የተደረገበት እንጨት ይሉታል። አምስት ነገር ይከለክላል፦ በሕገወጥ የተቆረጠ፣ የነባር ሕዝቦችን መብት ወይም ሰብአዊ መብት ጥሶ የተቆረጠ፣ ከፍተኛ የጥበቃ ዋጋ ያለውን ደን የሚጎዳ፣ የተፈጥሮ ደን ተመንጥሮ ወደ ተከላ ወይም ወደ ሌላ ጥቅም የተለወጠበት፣ እና ዘረመሉ የተለወጠ ዛፍ ከሚተከልበት ደን የመጣ። ከነዚህ ውጭ ስለሆነ ጥሩ ነው ማለት ግን አይደለም። የወለል ከፍታ ነው፣ ጣሪያ አይደለም። በበኩሌ ድብልቅ የሚል ወረቀት ሲቀርብልኝ የሌላውን ድርሻ አገር ስም ካልነገሩኝ ግማሽ መልስ እንደሰጡኝ እቆጥረዋለሁ።

ቤተ ሙከራ

በጣም የወደድኩት ክፍል ይህ ነው። ወረቀት ወረቀት ብቻ ሆኖ ቢታይም ዛፉ አልጠፋም።

ቁራጩ ወረቀት ውኃ ውስጥ ይፈላል፣ ይናጣል፣ ቃጫዎቹ ይለያያሉ። ጠብታ ብርጭቆ ላይ ይደረጋል፣ ይደርቃል፣ ቀለም ይጨመርበታል። ሄርዝበርግ የሚባለው የአዮዲንና የዚንክ ክሎራይድ ቀለም በኬሚካል የተሠራውን ፐልፕ ወደ ሰማያዊና ሐምራዊ ይወስደዋል፣ የተፈጨውን ሊግኒን ያለበትን ቢጫ ያደርገዋል፣ የጥጥ ጨርቅ ቃጫ ካለ ደግሞ ወይን ጠጅ ይሆናል። ከዚያ ማይክሮስኮፕ። እንደ ፓይንና ስፕሩስ ያሉ መርፌ ቅጠል ዛፎች ቃጫቸው ረጅም ነው፣ 3 ሚሊ ሜትር አካባቢ። የባሕር ዛፍ ከ1 ሚሊ ሜትርም ያነሰ ነው። ረጅሙ ለጥንካሬ፣ አጭሩ ለልስላሴና ለኅትመት ጥራት፤ ወረቀት ሠሪዎች ሁለቱን የሚቀላቅሉት ለዚህ ነው።

ዛፉን የሚያሳብቀው ግን ቃጫው አይደለም። ሰፋፊ ቅጠል ያላቸው ዛፎች ውኃ የሚያወጡበት ሰፊ ቱቦ የሚመስሉ ሕዋሳት አሏቸው። መርፌ ቅጠሎቹ የላቸውም። የነዚህ ቱቦዎች ቅርጽ፣ ጫፋቸው፣ ግድግዳቸው ላይ ያሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች አደራደር ከዛፍ ዛፍ ይለያያል፤ የሠለጠነ ዓይን ባሕር ዛፍን ከግራር፣ ግራርን ከበርች ይለያል። ከተፈጥሮ የሐሩር ደን የተቆረጠ ከሆነ ደግሞ የብዙ ዛፍ ቱቦ ተደባልቆ ይታያል። ያ ሲታይ ነው መደንገጥ ያለባችሁ። ተተክሎ የተቆረጠ ደን እንዲህ ያለ ድብልቅ አያወጣም።

የኛ ውጤት፦ የውስጥ ወረቀቱ ባብዛኛው ባሕር ዛፍ፣ ትንሽ መርፌ ቅጠል። ሻጩ ከተናገሩት ጋር ይገጥማል። ሽፋኑ ግን ሁለት ነገር ይዞ መጣ። አንደኛ፣ መሃሉ የተፈጨ ፐልፕ ነው። ይህን ያለ ማይክሮስኮፕም ማየት ይቻላል፤ የተቀደደው ጠርዝ ላይ አሲድ የተጨመረበት ፍሎሮግሉሲኖል የሚባል ኬሚካል ጠብ ሲደረግ ሊግኒን ያለበት ንብርብር ወዲያው ቀይ ይሆናል። የኛ ሽፋን እንደ ሳንድዊች መሃሉ ብቻ ቀላ። ችግር የለውም፣ ብዙ የሽፋን ካርድ እንዲህ ነው የሚሠራው፣ እንጨትም ይቆጥባል። ሁለተኛው ግን ከላይኛው ንብርብር ላይ የግራር ቱቦ መገኘቱ ነው። ሻጩ በጻፉልን ዝርዝር ውስጥ ግራር የለም።

የግራሩ ነገር

ለሽፋን ሻጩ ውጤቱን ላክሁ። መጀመሪያ «ቤተ ሙከራው ተሳስቶ ይሆናል» የሚል መጣ። ሌላ ናሙና ከሌላ ጥቅል አስመረመርን፣ ያው ሆነ። ከዚያ ደብዳቤው ወደ ፋብሪካው ሄደና እውነተኛው መልስ መጣ፦ ፋብሪካው የራሱን ፐልፕ አይሠራም፣ ከገበያ ነው የሚገዛው፣ የአጭር ቃጫ ፐልፕ ሲገዛ በዋጋው መሠረት አንዴ ባሕር ዛፍ፣ አንዴ ግራር ያስገባል። የዝርዝሩን ወረቀት ያዘጋጁት ባሕር ዛፍ ይገዙ በነበረ ጊዜ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አላደሰውም።

ይህ ለኔ የሥራው ትልቁ ትምህርት ሳይሆን አይቀርም፤ የዛፍ ዝርዝር የአንድ ጊዜ ሰነድ አይደለም፣ ከእያንዳንዱ ጭነት ጋር መምጣት ያለበት ነገር ነው።

ግራር በራሱ ኃጢአት የለበትም። ለፐልፕ የሚተከለው ግራር በአምስት ዓመት አካባቢ የሚደርስ ፈጣን ዛፍ ነው። ጥያቄው የት ነው የተተከለው ነው። ኢንዶኔዢያ ውስጥ፣ በተለይ ሱማትራ ላይ፣ ከግራር ተከላው ከፊሉ ያለው ፒት በሚባል አፈር ላይ ነው። ፒት ማለት በውኃ ተሸፍኖ ለሺህ ዓመታት ሳይበሰብስ የተከማቸ የዕፅዋት ቅሪት ነው። ግራር ረግረግ ላይ አይሆንለትም፤ ስለዚህ ቦይ ተቆፍሮ ውኃው ይወጣል። ውኃው ሲወጣ አፈሩ አየር ያገኛል፣ ይበሰብሳል፣ ካርቦኑ ወደ ሰማይ ይሄዳል፣ መሬቱ ከዓመት ዓመት ዝቅ ይላል፣ ሲደርቅ ደግሞ እሳት ይይዘዋል። በ2015 እንደ ፈረንጆቹ ኢንዶኔዢያ ውስጥ የተነሳው እሳትና ጭስ ጎረቤት አገሮችን ሁሉ ያፈነው አንዱ ምክንያቱ ይኸው የደረቀ ፒት ነው። ስለዚህ «ዛፍ ተክለናል» የሚለው መልስ አይበቃኝም። አፈሩ ምንድን ነው? ከተከላው በፊት ምን ነበር? ቦታው ላይ የነበሩ ሰዎችስ ተጠይቀው ነው ወይ?

የሽፋን ሻጩን እንጨቱ የተቆረጠባቸውን ቦታዎች የጂፒኤስ ነጥብ እንዲያስልኩልን ጠየቅናቸው።

ካርታ

ነጥቦቹ በኤክሴል መጡ። አንዱ ፋብሪካው ግቢ ውስጥ አረፈ፣ የእንጨት መከመሪያው ላይ። አንዱ ባሕር ውስጥ ገባ፤ የሰሜንና የምሥራቁን ቁጥር አገላብጠውት ነው፣ ስናስተካክለው የብስ ላይ ወጣ። አንድ ትልቅ ተከላ በአንዲት ነጥብ ብቻ ተመልክቷል። ይህ ዋጋ የለውም። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ያወጣው የደን ጭፍጨፋ ደንብ ከ4 ሄክታር በላይ የሆነ የእንጨት መሬት በነጥብ ሳይሆን በድንበሩ መስመር እንዲገለጽ ይጠይቃል። ደንቡ ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን በተደጋጋሚ ቢገፋም መለኪያው ግን ጥሩ ነው፣ ወስደነዋል። የመቁረጫ ቀኑንም ተውሰናል፦ ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 እንደ ፈረንጆቹ በኋላ ከተመነጠረ ደን የመጣ እንጨት አንቀበልም።

ድንበሮቹ ሲመጡ ግሎባል ፎረስት ዎች በሚባለው፣ የዓለምን ደን በሳተላይት በሚያሳየው ድረ ገጽ ላይ ጫንናቸው። ነጻ ነው፣ ማንም ሊጠቀምበት ይችላል። የዛፍ ሽፋን መጥፋት በየዓመቱ ሮዝ ቀለም ሆኖ ይታያል። የኛን ተከላ ስንከፍተው ሞላው ሮዝ ነው! አንድ ባልደረባዬ «ይኼ እኮ ጫካ ጨፍጭፈዋል» አለ። ቆይ፣ አይደለም። ሳተላይቱ የሚያየው ዛፍ መጥፋቱን ነው፤ የተተከለ ግራር ደርሶ ሲቆረጥም ያው ሮዝ ነው። መለየት የሚቻለው ወደ ኋላ ሄዶ በማየት ነው። ተከላ ከሆነ ቅርጹ አራት ማዕዘን ነው፣ መንገድና ቦይ በመስመር ይታያል፣ ቦታው ከጥቂት ዓመት በፊትም ባዶ ሆኖ እንደገና አረንጓዴ ሆኗል። ለብዙ አሥርት ዓመታት ሳይነካ የቆየ ደን ከ2020 ወዲህ በድንገት ባዶ ሆኖ፣ ከዚያ በረድፍ የተተከለ አረንጓዴ ከወጣበት ግን ያ ሌላ ታሪክ ነው። የሃያና ሠላሳ ዓመት የላንድሳት ሳተላይት ምስል አለ፣ ዝርዝሩን ለማየት ደግሞ ሴንቲኔል ሁለት የሚባለው ሳተላይት 10 ሜትር ድረስ አጥርቶ ያሳያል። ዓይንን ያደክማል እንጂ ከባድ አይደለም።

ውጤቱ፦ ከተላኩልን ብሎኮች (የተከላው ክፍሎች) አብዛኛዎቹ የቆየ ተከላ ናቸው፣ ደረቅ መሬት ላይ። ሁለቱ ግን የፒት ካርታ ላይ ሲጫኑ ወደ ውስጥ ገብተዋል። የመቁረጫ ቀኑን አልጣሱም። ሕጋዊ ናቸው። ቢሆንም አልፈለግናቸውም። ለሻጩ የጻፍነው አጭር ነው፦ ወይ ከነዚህ ሁለት ብሎኮች ውጭ የመጣ ፐልፕ ስለመሆኑ ሰነድ ይምጣ፣ ወይ ሽፋኑ ከባሕር ዛፍ ይሁን። ባሕር ዛፍ መረጡ። ማረጋገጫው በማይክሮስኮፕ ስለሚታይ ለኛም ይቀላል።

የውስጥ ወረቀቱ ሂሳብ

ባሕር ዛፉ ከብራዚል ነው፣ የተተከለ። እዚያ ዛፉ በሰባት ዓመት አካባቢ ይደርሳል፣ በዓመት በሄክታር ከ30 ሜትር ኩብ በላይ ያድጋል። ሰሜን አውሮፓ ውስጥ ያለ ስፕሩስ ለመድረስ 60 ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፣ እድገቱም ከ10 ሜትር ኩብ በታች ነው። እነዚህን ቁጥሮች የያዝኳቸው የሻጭን ወሬ ለመመዘን ነው። እንዲህ ነው የሠራነው። 20 ቶን ወረቀት ብናዝዝ 15 ቶን ደረቅ ቃጫ አለው። ፐልፕ የሚሸጠው አሥር በመቶ እርጥበት ይዟል ተብሎ ስለሆነ ወደ 17 ቶን ፐልፕ ይሆናል። ለአንድ ቶን 4 ሜትር ኩብ እንጨት ብንይዝ 68 ሜትር ኩብ። ደርሶ የተቆረጠ አንድ ሄክታር ባሕር ዛፍ ከ200 ሜትር ኩብ በላይ ስለሚሰጥ፣ ትእዛዛችን የአንድ ሄክታር ሲሶ ገደማ ነው የሚቆርጠው።

ሻጩ የጠቀሱት ተከላ ስፋት ለፋብሪካው ዓመታዊ ምርት ይበቃል ወይ ብለን በዚሁ መንገድ አሰላን። አይበቃም። ይህ ማለት ዋሹ ማለት አይደለም፤ ከጎረቤት ገበሬዎችም ይገዛሉ ማለት ነው። ጠየቅን፣ አዎ አሉ። ታዲያ እሱ ለምን ዝርዝሩ ላይ የለም? አሁን ዝርዝሩ እየተዘጋጀ ነው።

ፈጣን ተከላ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ የሚለው ላይ እኛው መሃል ተከራከርን። የኔ አቋም ይህ ነው፦ ያንኑ ወረቀት ከትንሽ መሬት ማውጣት የተፈጥሮ ደኑን ያሳርፋል፤ ግን ተከላው የገባው የሰው የግጦሽ መሬት ላይ ከሆነ፣ የምንጭ ራስ ላይ ከሆነ፣ ወይም አንድ ዓይነት ዛፍ ከአድማስ እስከ አድማስ ከሆነ ያረፈው ደን ሩቅ ነው፣ የተጎዳው ሰው ግን እዚያው አጠገቡ ነው። ስለዚህ ከሰርተፍኬቱ ጋር የኦዲት ማጠቃለያውን ማንበብ ጀመርን። ኤፍኤስሲ የደን ኦዲት ማጠቃለያዎችን ለሕዝብ ይለቃል። አሰልቺ ናቸው፣ ረጅም ናቸው፣ ግን ሰፈሩ ያሰማው ቅሬታና ኦዲተሩ ያገኘው ጉድለት እዚያ ውስጥ ነው ያለው።

ስለ ተመለሰ ወረቀት

«ለምን ሁሉንም ከተመለሰ ወረቀት አታደርጉትም?» የሚል ሰው ሁሌ አለ። ቃጫ በተመለሰ ቁጥር ያጥራል፣ ይደክማል፣ ጥቂቱም ከእጥበቱ ጋር ይወጣል። የሆነ ቦታ ላይ አዲስ ቃጫ ካልገባ ዑደቱ ይቆማል። ስለዚህ ጥያቄው የተመለሰው የት ቢውል ይሻላል ነው። እኔ ካርቶኑ ላይና በሽፋኑ መሃለኛ ንብርብር ላይ ነው የምለው፤ ማንም ነጭነቱን አያየውም፣ ቀለም ማጠቢያም ብዙ አይፈልግም።

ቃሉን ግን አጥብቃችሁ ጠይቁ። አይኤስኦ 14021 የሚባለው ዓለም አቀፍ መመዘኛ ሁለት ይለያል፦ ተጠቃሚው ተጠቅሞ የጣለውና ተጠቃሚ እጅ ሳይደርስ ከሥራ ቦታ የተረፈው። የወረቀት ፋብሪካ የራሱን ብጥስጣሽ መልሶ ታንኩ ውስጥ ሲጨምር እንደ ተመለሰ አይቆጠርም። አንድ ሻጭ ይህንኑ ቆጥረው «ሠላሳ በመቶ የተመለሰ» ብለው አቅርበውልን ነበር፤ ስንጠይቅ ወደ ዜሮ ወረደ።

ቀርከሃም ተነሳ፣ የሸንኮራ አገዳ ገለባም። ሁለተኛውን እያየነው ነው። ቀርከሃ ግን ዛፍ ስላልሆነ ብቻ ነጻ አይደለም፤ ጫካ ተመንጥሮ ከተተከለ ያው ነው።

ቁርጥራጩ

ይህን ማንም አልጠየቀንም፣ ሚዛኑ ነው ያመጣው። ከጥቅል ስንቆርጥ በጎን የሚወድቀው ቅንጣቢ ሲመዘን ከጠበቅነው በላይ ሆነ። የደብተሩን ወርድ በጥቂት ሚሊ ሜትር ብናጠብ ከጥቅሉ ስፋት ጋር ይገጥማል። ማሽን ላይ ያሉት ልጆች ይህን ድሮም ያውቁት ነበር፤ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ቀየርነው። የቀረውን ነጭ ቅንጣቢ ከባለ ቀለሙ ለይተን ማጠራቀም ጀመርን፣ የተደባለቀ ከሆነ ተቀባዩ ለካርቶን ብቻ ነው የሚወስደው።

ውሉ

አዲሱ የግዢ ውል ላይ የገቡት እነዚህ ናቸው። እያንዳንዱ ኢንቮይስ የይዞታውን ዓይነትና የሰርተፍኬት ቁጥሩን ይይዛል፤ ከሌለ ዕቃው «ሰርተፍኬት የሌለው» ተብሎ ነው የሚመዘገበው። የዛፉ ዓይነትና አገሩ ከእያንዳንዱ ጭነት ጋር ይመጣል። የፐልፕ ምንጭ ከመቀየሩ በፊት ያሳውቁናል። ከማንኛውም ጥቅል ናሙና ወስደን የማስመርመር መብት አለን፣ ውጤቱ ካልገጠመ ወጪው የሻጩ ነው። ይህች የመጨረሻዋ ነጥብ ላይ ነው ጭቅጭቁ የነበረው። አንዱ ሻጭ አልፈርምም ብለው ሄዱ። ሌሎቹ ፈርመዋል፣ ያ «አበዙት» ያሉኝ ሰውዬም ጭምር።

የደብተሩ ጀርባ ላይ ማኅተም የለም። በተራ ጽሑፍ የውስጥ ወረቀቱ የዛፍ ዓይነትና አገር፣ የሽፋኑ የዛፍ ዓይነትና አገር ተጽፏል፤ ደንበኛው ዲዛይኑን አይቶ ጽሑፉ ትንሽ ይነስ አለ እንጂ ይዘቱን ተቀብሎታል።

አርብ

የቀረው ካርቶኑ ነው። ሻጩ «ሙሉ በሙሉ የተመለሰ» ይላሉ፣ ሰነድ ግን እስካሁን አልላኩም። ናሙና ቆርጠን ፖስታ ውስጥ አሽገናል፣ ሰኞ ወደ ቤተ ሙከራው ይሄዳል። የገበሬዎቹ ዝርዝርም ከብራዚል ገና አልመጣም፤ ሲመጣ ድንበሮቹን ካርታ ላይ ጭነን እንቀጥላለን።